አለቀባት

ጥቅምት 4፣ ማክሰኞ

የባዮሎጂ አስተማሪያችን ቲቸር መሐሙድ ከክፍል ስንወጣ ጠራኝና ይህን ደብተር ሰጠኝ። ሁለት ሳምንት ከትምህርት ቀርቼ ነው የተመለስኩት። «ማውራት ካልፈለግህ ጻፍ። እኔም አላየውም» አለኝ። ባለ ሃምሳ ሉክ ነው። ጀርባው ላይ የማባዛት ሠንጠረዥ አለ።

ምን እንደሚጻፍ ስለማላውቅ የሆነውን እጽፋለሁ።

እኅቴ የኔአለም መስከረም 18 እሑድ ሞተች። ሃያ አራት ዓመቷ ነበር። ሳውዲ ሦስት ዓመት ሠርታ ከተመለሰች ገና ስምንት ወሯ ነው። ጠዋት ውኃ ልትቀዳ ወጥታ ቦኖው አጠገብ ወደቀች። ከእኛ መንደር መካነ ሰላም ድረስ በቃሬዛ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ሆስፒታል ስትደርስ ትተነፍስ ነበር። ቀትር ላይ አቆመች። ሐኪሙ ጭንቅላቷ ውስጥ ደም ፈሷል አለ። ደም ግፊት ነበረባት ወይ ብሎ ጠየቀ። እናቴና አባቴ የለባትም አሉ። እኔ ነበረባት አልኩ።

ይህን ከቤታችን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። «ከዐረብ አገር በሽታ ይዛ መጣች» እንዳይባልባት ደብቃው ነበር። በየወሩ ካርዷን ይዤ መድኃኒቷን የማመጣላት እኔ ነበርኩ። ሐኪሙ መድኃኒቱን ሳታቋርጥ ትወስድ ነበር ወይ ሲለኝ አዎ አልኩት።

መስከረም ላይ ግን መድኃኒቱ አልነበረም። ይህን ለሐኪሙ አላልኩትም።

ጥቅምት 6፣ ሐሙስ

ከተማ የተከራየሁት ክፍል ውስጥ አብሮኝ የሚኖረው ደሳለው ነው፤ የመንደራችን ልጅ። እሑድ እሑድ ከቤት ስንቅ ይዘን አብረን እንመጣለን። ዛሬ ጠዋት ፊቱን እየታጠበ፦

«ስማ የኋላሸት፣ ተኝተህ ትቆጥራለህ እኮ። ወላሂ፣ ዘጠኝ ላይ ስትደርስ እንደገና ከአንድ ትጀምራለህ።»

«ምን ልቆጥር?»

«እኔ ምን አውቄ። የማባዛት ሠንጠረዥ እንኳ እስከ አሥራ ሁለት ነው። ትንሽ ጨምር።»

ሳቅሁለት። ኬሚስትሪ ፈተና ነበር። ሦስት ጥያቄ ሳልሠራ ቀረሁ።

ጥቅምት 9፣ እሑድ

ቤት ነኝ። እናቴ ቀጥናለች። በለቅሶው ሰሞን ራሷን ስታ ነበር፤ የጤና ኤክስቴንሽኗ መሰረት መጥታ ስትለካት ግፊቷ አንድ መቶ ሰማንያ ሆነ። ከጥቅምት 1 ጀምሮ እሷም በቀን አንድ ክኒን ትውጣለች። ክኒኑን ከከተማ የማመጣው እኔ ነኝ።

ዛሬ የየኔአለምን ሻንጣ ከፈቱት። እናቴና አክስቴ ዝናሽ ናቸው የፈቱት። እኔ ደጅ እንጨት እፈልጥ ነበር፤ በሩ ክፍት ስለሆነ ይሰማል። ከሻንጣው ሥር የዱቄት ወተት ጣሳ ተገኘ። ጣሳው ውስጥ የክኒን እሽጎች። ሁሉም ባዶ፣ አንድ ላይ ተደርድረው በጸጉር ላስቲክ የታሰሩ።

«ጨርሳዋለች» አለች እናቴ። «እይው እስኪ። አንድ ፍሬ አላስቀረችም።»

«እሱው ነዋ የበላት» አለች አክስቴ። «ያንን ሁሉ መርዝ ውጣ።»

«ጨርሳዋለች» አለች እናቴ እንደገና።

ባዶ እሽግ ባዶ እሽግ ነው። ሲያዩት ሌላ ነገር አይናገርም። እንጨቱን ፈልጬ ጨረስኩና ከተማ ለመመለስ ስንቄን አሰርኩ።

ጥቅምት 14፣ ዓርብ

ቲቸር መሐሙድን ከክፍል በኋላ ጠየቅሁት። «ቲቸር፣ የሃያ አራት ዓመት ሰው ደም ስሩ ሊያረጅ ይችላል?»

ስለ ማን እንደምጠይቅ አውቋል፤ ግን ስም አልጠራም። ሰሌዳው ላይ ቱቦ ሣለ። ደም ስር ከውስጥ በአንድ ረድፍ ሴል የተለበጠ ነው አለ። ደሙ ለዓመታት በኃይል ሲገፋው ሴሎቹ ይጎዳሉ። አንዳንዶቹ መከፋፈል ያቆማሉ፤ ያን ጊዜ አርጅተዋል ይባላል። ያረጀ ሴል ግን ወዲያው አይሞትም። ቦታውን ይዞ ይቀመጥና አጠገቡ ያሉትን ይረብሻል። ስለዚህ ሰውየው ወጣት ሆኖ ደም ስሩ ሊያረጅ ይችላል።

«መድኃኒቱስ?»

«እሱ ገና እየተጠና ነው። ላቦራቶሪ ብርጭቆ ውስጥ በሚያሳድጓቸው ሴሎች ላይ ይሞክራሉ። አንዳንዱ የግፊት መድኃኒት ምናልባት እርጅናውን ያዘገያል። አንዳንዱ ምንም አይለውጥም። አንዳንዱ ደግሞ ምናልባት፣ ምናልባት ነው የምልህ፣ ተቃራኒው ሊሆን ይችላል። ሰው ላይ ምን እንደሚሆን በደንብ አይታወቅም።»

አመስግኜው ወጣሁ። ደብተሬ ላይ «ተቃራኒው» ያለውን ብቻ ጻፍኩ።

ጥቅምት 15፣ ቅዳሜ

መድኃኒቱ ሴሎቹን የሚያስረጅ ከሆነ ወሰደችውም አልወሰደችውም ለውጥ የለውም ማለት ነው። ደጋግሜ አሰብኩት፤ ስህተት አላገኘሁበትም።

ዛሬ ምሳ በደንብ በላሁ። ደሳለው «እንኳን ተመለስክ፤ ግን የኔንም እየበላህ ነው» አለኝ።

ጥቅምት 18፣ ማክሰኞ

ደሳለው ሜዳ ሄደን ኳስ እንይ አለኝ። ከእንግዲህ ኳስ አላይም አልኩት። «ምን አደረገህ ኳሱ?» አለ። ሒሳብ አለብኝ አልኩ።

ጥቅምት 23፣ እሑድ

ቤት። አክስቴም ነበረች። እናቴ ጠዋት ክኒኗን ስትውጥ አይቼ «ቲቸራችን ስለዚህ አስተምሮን ነበር» አልኩ። ለምን እንዳነሣሁት አላውቅም።

«ምን አላችሁ?» አለች እናቴ።

«የግፊት መድኃኒት የደም ስር ሴሎችን ያስረጃል የሚሉ አሉ።»

«ማነው የሚለው?»

«ተመራማሪዎች።»

አክስቴ ጭኗን መታችና እናቴን በስሟ ጠራቻት። «አላልኩሽም በዛች? ያልተማርኩት እኔ የነገርኩሽን የተማረው ልጅሽ ደገመልሽ።»

እናቴ የውኃ ኩባያውን አፏ ላይ እንደያዘች እኔን ታየኝ ነበር። ከዚያ ስንቄ ላይ ቆሎ ጨመረችልኝ።

ጥቅምት 27፣ ሐሙስ

አርባዋ ዛሬ ነበር። ብዙ ሰው መጣ። ውኃ አመላልሻለሁ። የሰማሁትን እጽፋለሁ።

አንድ ሽማግሌ፦ «በሃያ አራት ዓመት ግፊት? በእኛ ጊዜ ይህ የሹማምንት በሽታ ነበር።»

ከዳሱ ጀርባ ሴቶች ስለ እናቴ፦ «ደም ብዛት አለባት አሉ።» «ኧረ ምኗ ላይ ነው የሚበዛው? አጥንቷ ብቻ ቀርቶ።»

አክስቴ ለእንግዶች፦ «መድኃኒቱን አንዲት ቀን አላጎደለችም። ይሄ ወንድሟ ነው የሚያመላልስላት።»

እናቴ ከሰው መሀል ጠራችኝ። ጎንበስ ስል ጭንቅላቴን ይዛ «አንድ ወር አላጓደልክባትም፤ እግዜር ይስጥህ የኔ ጌታ» አለችኝ። ሰው ሁሉ አሜን አለ።

እኔም አሜን አልኩ። ከዚያ ውኃ ሊያልቅ ስለነበር ሄድኩ።

ኅዳር 3፣ ረቡዕ

የእናቴን መድኃኒት ላመጣ ከትምህርት ቤት አስፈቅጄ ሆስፒታል ሄድኩ። የክትትል ክፍሏ ነርስ ሲስተር ኸዲጃ ታውቀኛለች። የእናቴን ሠላሳ ፍሬ ከሰጠችኝ በኋላ መዝገቡን ወደ ኋላ ገለጠች።

«የእኅትህን ሰማሁ። አላህ ያጽናችሁ። መስከረም ላይ ለምን ቀረህ ግን? ስጠብቅህ ነበር።»

«መድኃኒት የለም ተብዬ ነው።»

«የሷ? የሷ እኮ ተቋርጦ አያውቅም። ማነው የለም ያለህ?»

«አላስታውስም።»

ትንሽ አየችኝና መዝገቡን ዘጋችው። «እሺ፤ የእናትህን አደራ» አለች።

ማታ ሽሮ የመሥራት ተራው የኔ ነበር። ጨው በዛበት።

ኅዳር 7፣ እሑድ

ቤት። አዲሱን እሽግ ላስቀምጥ የእናቴን ሳጥን ስከፍት ከበፊቱ ሰባት ፍሬ አለ። በቀን አንድ ብትወስድ ጥቅምት 30 ያልቅ ነበር። ሰባት ቀርቷል ማለት ከጥቅምት 24 ጀምሮ አልወሰደችም ማለት ነው።

ጥቅምት 23 እሑድ ነበር።

«እማ፣ ክኒኑን ትተሽዋል?»

«ትቼዋለሁ።»

«ለምን?»

«ደሜ አልቋል እንጂ አልበዛም፤ አታየኝም? የበዛበት ይዋጠው።» ትንሽ ቆየችና «ደግሞስ ያስረጃል ያልከኝ አንተ አይደለህ?» አለች። የወቀሳ ድምፅ አልነበረውም። እንዲያውም የምታመሰግነኝ ይመስል ነበር።

ኅዳር 8፣ ሰኞ

እኔ እንደዚያ አላልኩም።

ኅዳር 9፣ ማክሰኞ

እንደዚያ ነው ያልኩት።

ኅዳር 11፣ ሐሙስ

ለቲቸር መሐሙድ የሆነውን ነገርኩት። የእናቴን ብቻ። የፈተና ወረቀት እያረመ ነበር፤ እስክርቢቶውን አስቀመጠ።

«እኔ የነገርኩህ ላይ ስንት ምናልባት ነበር?»

«ሦስት።»

«የት ጣልካቸው?»

ወንበሩን ወደ እኔ አዞረ።

«ብርጭቆ ውስጥ ያለ ሴል እናት የለውም፣ ውኃ አይቀዳም፣ ለቅሶ አይቀመጥም። እናትህን ብርጭቆ ውስጥ አታስገባት። ስለ እርጅናው ገና እየተጠና ነው፤ ግፊቱ ሲያዝ የሚሞተው ሰው እንደሚቀንስ ግን ከተጠና ቆይቷል። ደግሞ ደም ብዛት አትበላት። ስሙ ነው ሰውን ያሳሳተው። ቀጭን ሰውም ግፊት አለበት። ችግሩ የደሙ መጠን ሳይሆን ደም ስሩን የሚገፋበት ኃይል ነው በላት።»

«እናቴ ግን ‹እኅትህ ሁሉንም ውጣ ሞተች› ትለኛለች።»

«እኅትህ ሳታቋርጥ ትወስድ ነበር?»

«ዘጠኝ ቀን አልወሰደችም» አልኩ። መናገሬን የሰማሁት ከተናገርኩ በኋላ ነው።

እንዴት ልታውቅ ቻልክ አላለኝም። የወረቀቱን ጠርዝ አስተካከለ። «አብሽር» አለኝ። ወሎ ውስጥ ይህ ቃል ለሁሉም ነገር ይባላል፤ ለታመመም፣ ለወደቀም፣ መኪና ላመለጠውም። ዛሬ ለየትኛው እንደተባልኩ አላወቅሁም።

ኅዳር 20፣ ቅዳሜ

ጾም ከገባ አምስት ቀን ሆነ። ዛሬ ለእናቴ ቲቸር ያለውን ሁሉ ነገርኳት። የመስኖውን ጎማ ይዤ ጫፉን በአውራ ጣቴ ደፍኜ አሳየኋት። ውኃው ያው ነው፣ አልበዛም፣ ግን እይው እንዴት እንደሚገፋ አልኳት። ውኃው አባቴ ላይ ተረጨ። «እኔን ለምን ታጠምቀኛለህ?» አለ አባቴ። ከመስከረም ወዲህ ሲቀልድ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

እናቴም ፈገግ አለች። ከዚያ፦

«ገባኝ ልጄ። ብዛት አይደለም፣ ግፊት ነው። እሺ። የኔአለምስ? ግፊቷም ታወቀ፣ መድኃኒቷም መጣላት፣ ጨረሰችው። ምን ሆነች?»

መልሱን አውቃለሁ። ጎማውን ጠቅልዬ አስቀመጥኩ።

መሰረት መጥታ ለካቻት። አንድ መቶ ዘጠና በአንድ መቶ አሥር።

ኅዳር 24፣ ረቡዕ

የእንግሊዝኛ ፈተና ተሰጠን። ማታ እዚህ ደብተር ላይ የጻፍኩትን ገጽ ቀደድኩት። ደሳለው አሁን ተኝተህ ስትቆጥር ዘጠኝ ሳትደርስ ነው የምታቆመው ይለኛል።

መድኃኒቷ ያለቀ ቀን የትምህርት ቤት ምዝገባ ነበር። ዓርብ። ይህን ያህል ልጻፍ።

ታኅሣሥ 3፣ ዓርብ

አባቴ ደወለ። እናቴ ጠዋት ግራ እጇ ደንዝዞ ኩባያ ጥላለች። አንደበቷም ትንሽ ተሳስሮ ነበር ይላል። አሁን ደኅና ነኝ ብላ አውድማ ወጥታለች። ሆስፒታል እንሂድ ቢላት እምቢ አለች። «አንተን ትሰማለች» አለኝ አባቴ።

ነገ ሲነጋ እሄዳለሁ።

ታኅሣሥ 4፣ ቅዳሜ

አሁን ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ነው። ከአውድማው በላይ ያለው ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፈው። እንዳልረሳው በተባለው ቅደም ተከተል እጽፋለሁ።

አባቴ በሬዎቹን ውኃ ሊያጠጣ ወርዶ ነበር። እናቴ ጆንያ ላይ ተቀምጣ ስንዴ ትለቅማለች። በቀኝ እጇ ብቻ። ግራው ጭኗ ላይ ነው። አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«እማ፣ ክኒኑን ጀምሪ።»

«አትነዝንዘኝ ልጄ። ጨርሳው ምን ሆነች?»

«አልጨረሰችውም። አልቆባት ነው።»

እጇ ስንዴው ላይ ቆመ።

«ምን አልክ?»

«አልቆባት ነው። መስከረም 9 አለቀባት። ካርዷን ሰጥታኝ ነበር። አላመጣሁላትም።»

«ጠፍቶ ይሆናላ።»

«አልጠፋም። አልሄድኩም። ከምዝገባ ስወጣ የአቀስታ ልጆች ከእኛ ጋር ሊጫወቱ መጥተው ነበር። ኳስ ሳይ አሥራ አንድ ሰዓት አለፈና ክትትል ክፍሉ ተዘጋብኝ። ለእሷ መድኃኒት የለም አሉ አልኳት። ከዚያ ዘጠኝ ቀን ሳትወስድ ቆየች። መድኃኒቱ አይደለም የገደላት።»

እናቴ አላየችኝም። ስንዴውን ታያለች።

«ምን አለችህ?»

«‹አብሽር፣ ለገበያ ስትወርድ ታመጣልኛለህ፣ አንድ ሁለት ሳምንት ምን ያደርገኛል› አለችኝ። ለገበያ አልወረድኩም። ዝናብ ነበር።»

ሌላም ትዝ አለኝ፤ ያንንም ነገርኳት። ያን ቀን ሜዳው ጭቃ ነበር። የኔአለም ጫማዬን አይታ ከሆስፒታል መንገድ የመጣ ጭቃ መስሏት አጠበችልኝ።

አባቴ ከታች በሬዎቹን ሲጠራ ይሰማል። እናቴ ከስንዴው መሀል አንድ ጠጠር አወጣችና ወረወረችው።

«ማን አሸነፈ?» አለችኝ።

«አቀስታ። ሁለት ለአንድ።»

ራሷን ነቀነቀች። መልቀሟን ቀጠለች። ሌላ ነገር አልጠየቀችኝም።

ታኅሣሥ 5፣ እሑድ

እናቴ አላናገረችኝም። ስንቄን ያሰረልኝ አባቴ ነው፤ ለሁለት ቀን እንኳ አይበቃም፣ ማሰር አያውቅም። እስከ መንገዱ ሸኘኝ። «ነገ ሆስፒታል ውሰደኝ አለችኝ። ምን አልካት?» አለኝ።

ነገርኩት። ቆሞ ሰማኝ። «ሂድ፤ ይመሽብሃል» አለ። ገና ስድስት ሰዓት ነበር።

ታኅሣሥ 6፣ ሰኞ

ደሳለው ከትምህርት ቤት ሲወጣ እናቴንና አባቴን መንገድ ላይ አገኛቸው። «ሰላም አሉኝ። ሲስተር ኸዲጃ ተቆጥታ ክኒኑን ዛሬውኑ አስጀመረቻት፤ ካለሽ ላይ ቀጥይ ብላታለች። እጇ ደኅና ነው።» ትንሽ ጠበቀና «ስላንተ አልጠየቀችኝም። ተጣላችሁ?» አለ።

አልተጣላንም አልኩት።

ታኅሣሥ 7፣ ማክሰኞ

ሰማንያዋ። ሰው ጥቂት ነበር። አክስቴ ዝናሽ ለአንድ እንግዳ «ይሄ ወንድሟ አንድ ወር አላጓደለባትም» አለች። እናቴ አጠገቧ ነበረች። እውነቱን ትናገራለች ብዬ ጠበቅሁ። አልተናገረችም። አዎም አላለች። እንግዳው ፊት የነበረውን ሣሕን አንሥታ ወጣች።

ታኅሣሥ 12፣ እሑድ

ሳጥኑን ከፍቼ አየሁ። የቀሩት ሰባቱ አልቀዋል። አዲሱ ሠላሳ አልተነካም። ከሰኞ እስከ ዛሬ ሰባት ቀን ነው። ልክ ነው።

አላናገረችኝም።

ታኅሣሥ 16፣ ሐሙስ

ቲቸር መሐሙድ ደብተሩ አለቀ ወይ አለኝ። ገና ነው አልኩ። ባዮሎጂ ዘጠና ሁለት አመጣሁ። የኔአለም ብትኖር የምነግረው ለእሷ ነበር። ይህን ከዚህ በፊት አልጻፍኩም።

ታኅሣሥ 19፣ እሑድ

ሃያ ሦስት ፍሬ ቀርቷል። ልክ ነው። መሰረት ትናንት ለክታት አንድ መቶ አርባ ስምንት ሆኗል። አክስቴ «ታዲያ ያስረጃል ያላችሁትስ?» አለች። እናቴ «እኔ ድሮም አሮጊት ነኝ፤ ምኔን ያስረጀዋል?» አለቻት።

ልነሣ ስል እናቴ ስንቄን ራሷ አሰረች። በሁለት እጇ። ከዚያ ከቀሚሷ ኪስ ካርዷን አወጣችና ዘረጋችልኝ። ካርዱን አየሁት። ቀጠሮዋ ገና ነው።

«ገና ሃያ ሦስት ቀን አለሽ» አልኳት።

«አውቃለሁ» አለች። ከሁለት ሳምንት በኋላ ያናገረችኝ የመጀመሪያ ቃል ነው። ካርዱን ሸሚዜ ኪስ ውስጥ አስገብታ ቁልፉን ቆለፈችልኝ።

«እንዳያልቅብኝ።»